ከእበት ማብላያ እስከ ዲቴክተር፦ የደጀንን ባዮጋዝ በጋዝ ክሮማቶግራፊ መለካት

ምድጃው በሰማያዊ ነበልባል እስከነደደ ድረስ የማብላያው ባለቤት ስለ ጋዙ ይዘት ብዙም አይጠይቅም። ጥያቄ የሚነሳው ነበልባሉ ሲያንስ፣ እየተንቀጠቀጠ ሲጠፋ ወይም ከነጭራሹ አልነድም ሲል ነው። የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ወይም የመመረቂያ ጥናቱን በባዮጋዝ ላይ የሚሠራው ተማሪ ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ናሙናው ከዓባይ በረሃ አፋፍ ካለችው ከደጀን ከተማ ጓሮ ተነስቶ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ዲቴክተር ጋ እስኪደርስ፣ ከዚያም ቁጥር ሆኖ እስኪመለስ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል እንሄድበታለን።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ እና የደቡብ ክልል አንድ ላይ ተካተው ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ 14,000 ማብላያ ሲሆን የተሠራው 8,000 ገደማ ነው። ‹‹ስንዱ›› የሚባለው ከመሬት በታች የሚቀበረው ባለ ቋሚ ጉልላት ማብላያ የተስፋፋው በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማብላያው ለገጠሩ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው መለኪያው ነው።

መጀመሪያ ጥያቄዎን በወረቀት ያስፍሩ

ላቦራቶሪ ገብቶ ‹‹ይህን ጋዝ ለኩልኝ›› ማለት አይበቃም። ዲቴክተር የሚመረጠው በጥያቄው ነው። ጤናማ ባዮጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሚቴን፣ ከ30 እስከ 45 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በእርጥበት የጠገበ የውሃ ትነት፣ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ፒፒኤም የሚደርስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ አንዳንዴም ትንሽ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይይዛል። ጥያቄዎ ‹‹ጋዙ ለምን አይነድም?›› ከሆነ የሚፈልጉት ከመቶ የሚቆጠሩትን ዋና ዋና ጋዞች ነው። ‹‹ምድጃውና ቧንቧው ለምን ዛገ?›› ከሆነ የሚፈልጉት ሰልፋይዱን ነው። ‹‹ማብላያው ወደ አየር የሚያፈሰው ሚቴን አለ ወይ?›› ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ከሚሊዮን አንድ ሁለት እጅ ወደሚቆጠርበት ይወርዳል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ሚቴን ራሱ 1.9 ፒፒኤም ገደማ ነውና።

ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ ዲቴክተሮችን ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ‹‹ከሁሉም የረቀቀው የትኛው ነው?›› ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ለደጀን ማብላያ በመጀመሪያ የምመክረው ከሁሉም ያረጀውንና ረቂቅነቱ ዝቅ ያለውን ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ናሙናውን ሲወስዱ

ከዲቴክተሩ ይልቅ ውጤትን የሚያበላሸው የናሙና አወሳሰድ ነው። በዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

ወደ ማብላያው ከመቅረብዎ በፊት በአካባቢው እሳት፣ ሲጋራና ኩራዝ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይፈነዳል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሲያንስ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው በድንገት ከጠፋብዎ ከዚያ ቦታ ይራቁ፤ ‹‹ተሻለ›› ብለው አይጠጉ። ወደ ማብላያው ጉድጓድም ሆነ ወደ ዝቃጭ ማስወጫው ጭንቅላትዎን አያስገቡ።

ናሙናውን ከምድጃው በፊት ካለው ቫልቭ ይውሰዱ። አስቀድመው በቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ የተጠራቀመውን ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያም በጎማው ውስጥ የቆየው ጋዝ እንዲወጣ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይልቀቁት። መስመሩ ላይ የብረት ዝገት የተሞላበት የሰልፋይድ ማጣሪያ ካለ ናሙናው ከማጣሪያው በፊት ይሁን በኋላ መወሰዱን ይጻፉ፤ ካልጻፉት የሰልፋይድ ቁጥርዎ ለማንም ትርጉም አይሰጥም።

ጋዝን በውሃ ላይ መሰብሰብ የትምህርት ቤት ዘዴ ነው፤ ለባዮጋዝ ግን አይሆንም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ የቀረው ጋዝም ሚቴኑ የበዛ ይመስላል። የግድ በፈሳሽ ላይ መሰብሰብ ካለብዎ በገበታ ጨው የጠገበና በአሲድ የጎመዘዘ ውሃ ይጠቀሙ። የተሻለው ግን ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ያለው 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በቡቲል ጎማና በአሉሚኒየም ክዳን የታሸገ የብርጭቆ ብልቃጥ ነው።

ብልቃጡን እንዲህ ይሙሉት። ሁለት መርፌ በጎማው ላይ ይውጉ፤ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው መውጫ ነው። በሲሪንጁ ደጋግመው ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ባዮጋዝ ያሳልፉ፤ በውስጡ የነበረው አየር ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያ መውጫውን መርፌ ይንቀሉና 10 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ጋዝ ይግፉበት፤ በመጨረሻ መግቢያውንም ይንቀሉ። አሁን ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግፊት የደጀን አየር ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ለምን ይህ እንዳስፈለገ መንገዱ ይነግርዎታል።

ከአንድ ማብላያ ቢያንስ ሦስት ብልቃጥ ይሙሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀትና ማብላያው መጨረሻ እበት የተጨመረበትን ጊዜ ይጻፉ። ሰዓቱን ሲጽፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያመልክቱ፤ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመዘግብ ጧት የተወሰደ ናሙና በወረቀት ላይ ሌሊት የተወሰደ ሆኖ ይገኛል።

በረሃውን ይሻገራሉ ወይስ አይሻገሩም?

ከደጀን ናሙና ይዘው ሁለት አቅጣጫ መሄድ ይችላሉ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሄዱ መንገዱ ደጋውን አይለቅም፤ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየር ግፊታቸውም ተቀራራቢ፣ 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ ግን መኪናው ወዲያው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ወደ ጎሃ ጽዮን መልሶ ይወጣል። ድልድዩ አካባቢ የአየር ግፊቱ 89 ኪሎፓስካል ገደማ ይደርሳል፤ ሙቀቱም ከደጋው በእጅጉ ይበልጣል።

በደጀን ግፊት እኩል የተሞላ ብልቃጥ በረሃው ውስጥ ሲገባ ውጭ ያለው አየር በውስጡ ካለው ጋዝ በ14 ኪሎፓስካል ይበልጣል። ጎማው በመርፌ ተደጋግሞ ከተወጋ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዳገቱን ሲወጡ ደግሞ የተቀላቀለው ጋዝ መልሶ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚለካው እንግዲህ የደጀን ባዮጋዝና የበረሃው አየር ድብልቅ ነው። አንድ ተኩል ጊዜ የተሞላው ብልቃጥ 113 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሚይዝ በመንገዱ ሁሉ ከውጭው በላይ ሆኖ ይቆያል፤ ቢያፈስ እንኳ የሚያፈሰው ወደ ውጭ ነው፤ የድብልቁ ይዘት ብዙም አይናጋም።

በፕላስቲክ የናሙና ከረጢት ከያዙ ከረጢቱ ሲኮማተርና ሲነፋ ያዩታል፤ አይደንግጡ። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፋይድ በፕላስቲኩ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይሾልካሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተለካ ከረጢት አይጠቀሙ። ሰልፋይድን ደግሞ ማንም ቢለካው በብረት ዕቃ ይዘው አይሂዱ፤ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ለዋና ዋናዎቹ ጋዞች፦ ቲሲዲ

የሙቀት አስተላላፊነት ዲቴክተር፣ በላቦራቶሪ ሰዎች አጠራር ቲሲዲ፣ ከጋዝ ክሮማቶግራፊ ራሱ ይቀድማል። ማርቲንና ጄምስ የመጀመሪያውን የጋዝ ክሮማቶግራፊ ሥራቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ በጋለ ሽቦ የጋዝን ንጽሕና መመርመር ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። አሠራሩን የፊዚክስ መምህር በአንድ ሰሌዳ ያስረዳዋል፦ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ ላይ ጋዝ ያልፋል፤ ጋዙ ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍ ከሆነ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ካልሆነ ይግላል፤ የሽቦው ሙቀት ሲለወጥ ተቃውሞው ይለወጣል፤ ለውጡም በዊትስተን ብሪጅ ይነበባል። ምንም አያቃጥልም፣ ምንም አያጠፋም፤ ከተሸካሚው ጋዝ የተለየ ማንኛውንም ጋዝ ያያል።

እዚህ ላይ ዋናው ውሳኔ የተሸካሚ ጋዝ ምርጫ ነው። በክፍል ሙቀት አካባቢ ሂሊየም በሜትር በኬልቪን 150 ሚሊዋት ገደማ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ሃይድሮጅን 180፣ ሚቴን 34፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን 26፣ አርጎን 18፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 17። በሂሊየም ላይ ከሃይድሮጅን በስተቀር ሁሉም ጋዞች በአንድ አቅጣጫ ጥሩ ፒክ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሂሊየም ካገኙ ሌላ አይፈልጉ።

ሂሊየም ውድ ነው፤ ሲሊንደሩ ሲያልቅም ሌላው ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ‹‹ናይትሮጅን አለን፣ በእሱ እናስኪደው›› የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሆነውን ይወቁ። ሚቴን ከናይትሮጅን ስለሚበልጥ ፒኩ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሶፍትዌሩ ወደ ታች የወረደውን ፒክ ካልታዘዘ አይቆጥረውም። ልዩነታቸውም ትንሽ ስለሆነ ፒኮቹ አጫጭር ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ ናሙናው ውስጥ የገባ ናይትሮጅን ጨርሶ አይታይም፤ ማለትም አየር መግባቱን የሚያጋልጥልዎ ምስክር ይጠፋል። አርጎን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ስለሚያስተላልፍ የጋዝዎ አንድ ሦስተኛ ከእይታ ይሰወራል። ሃይድሮጅን በረቂቅነት ጥሩ ነው፤ ግን አፍስሶ ኦቭኑ ውስጥ ከተጠራቀመ ይፈነዳል። የማፍሰስ መመርመሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ እኔ አልመክረውም።

የቲሲዲ ሕይወት በአንድ ሥርዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ተሸካሚው ጋዝ መፍሰስ ሳይጀምር ፊላመንቱን አያብሩ፤ ሲያጠፉም ፊላመንቱን መጀመሪያ ያጥፉ፣ ዲቴክተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ጋዙን በመጨረሻ ይዝጉ። የጋለ የተንግስተን ሽቦ ኦክስጅን ሲያገኘው ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያው በራሱ እንዲነሳ አታድርጉት ብሎ ለሥራ ባልደረቦች ማስጠንቀቅ አስፈላጊ ነው፤ ሲሊንደሩ ማታ አልቆ መብራቱ ሌሊት ቢመለስ ጧት የሚጠብቅዎ የተበጠሰ ፊላመንት ነው። ሲሊንደሩን ጨርሶ ባዶ እስኪሆንም አይጠብቁ፤ ጥቂት እንደቀረው ይቀይሩት።

ቲሲዲ እስከ 100 ወይም ጥቂት መቶ ፒፒኤም ድረስ ነው የሚያየው። ከመቶ 60 ለሚሆን ሚቴን ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሚሊዮንን እጅ የሚቆጥር ዲቴክተር እዚህ ማምጣት በወርቅ ሚዛን ጤፍ በኩንታል እንደመመዘን ነው።

ኮለሙን ሳይጠይቁ አይለፉ

ዲቴክተር የሚያየው ኮለም የለየለትን ብቻ ነው። ሞለኪዩላር ሲቭ 5ኤ ኦክስጅንን፣ ናይትሮጅንንና ሚቴንን ይለያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ይዞ ያስቀራል፣ እየቆየም ይደክማል። ፖራፓክ ኪው ሚቴንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይለያል፤ ኦክስጅንንና ናይትሮጅንን ግን ‹‹አየር›› አድርጎ በአንድ ፒክ ያወጣቸዋል። ሁለቱ በቫልቭ ተጣምረው ወይም እንደ ሺንካርቦን ያለ አንድ ኮለም ከተገኘ አራቱም ለየብቻ ይወጣሉ። ላቦራቶሪው የትኛው እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። ለመነሻ ያህል፣ በታሸገ ኮለም በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ሂሊየም፣ ኦቭኑ 50፣ ዲቴክተሩ 150 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ የናሙና ሉፑ ከ0.25 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን ያስኬዳል፤ ከዚያ በመሣሪያው መመሪያ ያስተካክሉ።

ነበልባሉ መቼ ይጠቅማል?

የነበልባል አዮን ዲቴክተር፣ ኤፍአይዲ፣ በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ የካርቦን ውሕዶች ሲቃጠሉ የሚፈጠሩትን አዮኖች ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1958 አካባቢ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ ማክዊሊያምና ደዋር፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ላይ ሃርሊ፣ ኔልና ፕሪቶሪየስ፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ አወጡት። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የክሮማቶግራፊ ዲቴክተሮች አንዱ ስለሆነ፣ ከአፍሪካ ላቦራቶሪም የወጣ መሆኑ ሲነሳ ደስ ይለኛል።

ለባዮጋዝ ግን ጉድለቱ ከባድ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ናይትሮጅንን፣ ኦክስጅንን፣ ውሃንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን አያይም። ሚቴኑን ብቻ ቆጥሮ ‹‹ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው›› ማለት አየር የገባበትን ናሙና ጤነኛ ማስመሰል ነው። 60 በመቶ ሚቴን በሙሉ ሉፕ ከተለቀቀበትም ፒኩ ይሞላል፣ ነበልባሉም ሊጠፋ ይችላል፤ ናሙናውን በስፕሊት ያሳንሱት።

አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ከነበልባሉ በፊት ሜታናይዘር የሚባል የጋለ ኒኬል ያስገባሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሃይድሮጅን ጋር አገናኝቶ ወደ ሚቴን ስለሚለውጠው ነበልባሉ ያየዋል። ለአፈር ትንፋሽ ጥናት ግሩም ነው። የማብላያ ጋዝ ግን አያስገቡበት፤ ሰልፋይዱ ኒኬሉን ይመርዘዋል፣ የሰው መሣሪያ አበላሽተው ይወጣሉ። ኤፍአይዲን ለሦስተኛው ጥያቄዎ ይያዙት፦ በጉልላቱ ዙሪያ፣ በዝቃጭ ጉድጓዱ ላይና በቧንቧ መጋጠሚያ አጠገብ የተወሰደ አየር ከንጹሕ አየር ምን ያህል ይበልጣል? እዚያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም።

ሲለኩሱት ሃይድሮጅኑ በደቂቃ ከ30 እስከ 40፣ አየሩ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይሁን። ዲቴክተሩ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ አይለኩሱት፤ ከነበልባሉ የሚወጣው ውሃ ውስጡ ይጠራቀማል። መንደዱን ለማወቅ የሚያብለጨልጭ መፍቻ መውጫው ላይ ይያዙ፤ ጤዛ ከያዘ ነዷል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

ኤሌክትሮን ያዡ ዲቴክተር፣ ኢሲዲ፣ የጄምስ ላቭሎክ ሥራ ነው፤ ሰውዬው የማቀዝቀዣ ጋዞች በውቅያኖስ አየር ላይ መሰራጨታቸውን ያሳየው በእሱ ነው። ሚቴንን አያይም። ነገር ግን የማብላያውን ዝቃጭ ወይም ዩሪያ የተነሰነሰበት የጤፍ ማሳ ናይትረስ ኦክሳይድ ይተነፍስ እንደሆነ ማጥናት ከፈለጉ ትክክለኛው እሱ ነው። ውስጡ ራዲዮአክቲቭ ኒኬል ስላለው ያለ ጨረር መከላከያ ፈቃድ አይገዛም፣ አይጓጓዝም፣ አይፈታም።

የነበልባል ብርሃን ዲቴክተር፣ ኤፍፒዲ፣ ሰልፈር በነበልባል ውስጥ ሲፈካ ብርሃኑን ይለካል። ምላሹ ቀጥተኛ አይደለም፦ ሰልፋይዱ እጥፍ ሲሆን ፒኩ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ነጥብ ካሊብሬሽን የሠራ ሰው ራሱን ያታልላል። ለአርሶ አደር ማብላያ ሰልፋይድን በዚህ መለካት እኔ አስፈላጊ ሆኖ አይታየኝም። ቀለሙ የሚለወጥ የብርጭቆ መመርመሪያ ቱቦ እዚያው ጓሮው ላይ፣ ጋዙ ሳይጓዝ፣ ለውሳኔ የሚበቃ ቁጥር ይሰጣል።

ካሊብሬሽን፣ ደጋ ላይ

የናሙና ሉፕ የሚይዘው መጠን የተወሰነ ነው፤ በውስጡ የሚገባው የጋዝ ብዛት ግን በአየር ግፊቱ ይወሰናል። በባሕር ጠረፍ አገር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ነው፣ ባሕር ዳር ላይ 81 ገደማ፣ አዲስ አበባ 76፣ ደብረ ማርቆስ 75። ሻጩ በአገሩ ባስገባው የካሊብሬሽን ቁጥር ደብረ ማርቆስ ላይ 60 በመቶ ሚቴን ቢለኩ መሣሪያው 45 በመቶ አካባቢ ይነግርዎታል። ባሕር ዳር ላይ በተሠራ ካሊብሬሽን ከሆነ 55። ያ ቁጥር ወደ መንደር ተመልሶ ‹‹ማብላያችሁ ደካማ ነው፣ አያያዛችሁ ጥሩ አይደለም›› ተብሎ ሲነገር ጥፋቱ የከፍታው ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ገበሬው ነው። ስለዚህ ካሊብሬሽኑን እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሉፕ ይሥሩት።

የሚያስፈልግዎ መለኪያ ጋዝ ከናሙናዎ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ 60 በመቶ ሚቴንና 40 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥሩ ነው። ከሲሊንደሩ በቀጥታ ሲያስገቡ ሉፑ ውስጥ ያለው ግፊት ከክፍሉ ይበልጣል፤ ፍሰቱን ይዝጉና ጥቂት ሰከንዶች ጠብቀው ከክፍሉ አየር ጋር ሲስተካከል ቫልቩን ያዙሩ። ብልቃጡም እንዲሁ ነው፦ ከመለካትዎ በፊት በመርፌ ትርፍ ግፊቱን ያስተንፍሱ። ሦስት ጊዜ ይልቀቁ፤ የፒኮቹ ስፋት ከ2 በመቶ በላይ ከተለያየ ናሙና አይጀምሩ፣ ሴፕተሙንና መጋጠሚያዎቹን ይመርምሩ።

ነጻ የሆነ ሁለተኛ መለኪያ ጋዝ ደግሞ በዙሪያዎ አለ፤ እሱም የክፍሉ አየር ነው። ናይትሮጅን 78፣ ኦክስጅን 21፣ አርጎን 0.9 በመቶ ገደማ። በክፍል ሙቀት አካባቢ በሚሠራ ኮለም አርጎን ከኦክስጅን ጋር ስለሚወጣ የናይትሮጅኑና የዚያ ፒክ ንጽጽር 3.6 አካባቢ ይሆናል። በየቀኑ ጧት አየር ይልቀቁ፤ ይህ ቁጥር ካልመጣ ቀኑን ሙሉ የሚለኩት ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

ቁጥሩን ሲያነቡ

ለምሳሌ ያህል ይህን ውጤት አገኙ እንበል፦ ሚቴን 54.0፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 35.4፣ ኦክስጅን ከነአርጎኑ 2.1፣ ናይትሮጅን 7.5፤ ድምሩ 99.0። ችኩል ሰው ‹‹54 በመቶ›› ብሎ ይጽፋል። እርስዎ ግን 7.5ን ለ2.1 ያካፍሉ፤ 3.6 ይመጣል፤ ይህ የአየር ፊርማ ነው። አየሩ የገባው ናሙና ሲወሰድ ወይም በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑንና ናይትሮጅኑን አውጥተው 54.0ን ለ89.4 ያካፍሉ፦ ሚቴኑ 60.4፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 39.6 በመቶ ነው። ማረሚያውን ከነምክንያቱ በሪፖርቱ ላይ ይጻፉ፤ አየሩ ከ10 በመቶ እጅግ ከበለጠ ግን ማረሙን ትተው ሌላውን ብልቃጥ ይክፈቱ።

ናይትሮጅን በብዛት ኖሮ ኦክስጅኑ ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። አየሩ ማብላያው ውስጥ ቆይቷል፣ ተሕዋስያኑም ኦክስጅኑን በልተውታል። አዲስ የተሞላ ማብላያ ከሆነ ይህ የተለመደ ነው፤ ያረጀ ከሆነ ጉልላቱ ወይም ዋናው ቧንቧ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ።

ድምሩ 97 ቢሆንም አይደናገጡ። ባዮጋዝ በውሃ ትነት የጠገበ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት በደጀን ግፊት ትነቱ 3 በመቶ ይይዛል፣ በባሕር ጠረፍ ቢሆን 2.3 ብቻ በሆነ ነበር። ጋዙን በካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ አሳልፈው ያድርቁት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አይነካም። ኖራ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማድረቂያ ግን ይበላዋል።

ላቦራቶሪ ሳይሄዱ ማመሳከሪያ

ከናሙናዎቹ አንዱን እዚያው ደጀን ላይ በሲሪንጅ ይፈትሹት። በአንድ ሊትር መፍትሔ 120 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ፈሳሽ ያዘጋጁ፤ ሶዳውን ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አያፍስሱ፣ ይፈላልና ይረጫል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 20 ሚሊ ሊትር ባዮጋዝ ይሳቡ፣ ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር መፍትሔ ያስገቡ፣ ቫልቩን ዘግተው አንድ ደቂቃ ይነቅንቁ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይዋጣል። የቀረው ጋዝ 12 ሚሊ ሊትር ከሆነ ሚቴኑ ከነአየሩ 60 በመቶ ነው። ቲሲዲው ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካመጣ ሲሪንጁን ሳይሆን መጀመሪያ ካሊብሬሽኑን ይጠርጥሩ።

ለባለቤቱ ምን ይነግሩታል?

ሚቴኑ ከ55 በላይ ሆኖ ምድጃው ደካማ ከሆነ ችግሩ የጋዙ ጥራት አይደለም፤ መጠኑ ነው ወይም የምድጃው አየር ማስገቢያ። የደጀን ሌሊት ስለሚበርድ የጋዙ ምርት ይቀንሳል። በዚያ ላይ የመመሪያ መጻሕፍት 60 በመቶ ሚቴን ያለው አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ 21.5 ሜጋጁል ይሰጣል የሚሉት በዜሮ ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት ተሰልቶ ነው፤ ደጀን ላይ በ18 ዲግሪ ያው ሜትር ኩብ 15 ሜጋጁል ገደማ ብቻ ይይዛል። ችግር የሌለበት ማብላያ ‹‹እንደተባለው አይሠራም›› ከሚባልበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ ለባለቤቱም በግልጽ ይነገረው።

ሚቴኑ ከ50 በታች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ45 በላይ ሆኖ አየር ከሌለበት ማብላያው ጎምዝዟል። እበቱ በአንድ ጊዜ በዝቶ ተጨምሮ ይሆናል፤ ወይም አዲስ ተሞልቶ ሚቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን ገና አልተባዙም። ለጥቂት ቀናት እበት መጨመሩን ያቁም፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይጀምር፤ የመጀመሪያዎቹን ጋዞች እሳት በሌለበት ይልቀቃቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቫልቭ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ሦስት ብልቃጥ ይሙሉና ካሊብሬሽኑን እንደገና ከአየር ይጀምሩ።